ጨዋታው ሳይከፈት የሚጠየቀው ግዴታ
ስለ «አፕዴት»ና ስለ ዝግተኛ ኢንተርኔት በሬዲዮ ከተሰጠው ንግግር የተወሰደ



ሥራና ዕረፍት እንደ ቀንና ሌሊት የሚፈራረቁ ናቸው። ቀኑን ሙሉ በመዝገብና በደብዳቤ መካከል ሲደክም የዋለ ሠራተኛ፥ ማታ ከቤቱ ሲገባ ልቡን የሚያሳርፍበት ነገር ቢሻ የሚያስነቅፈው አይደለም። አባቶቻችን በዚህ ሰዓት ገበጣ ይጫወቱ፥ እንቈቅልሽ ይጠያየቁ ነበር። በዛሬው ዘመን ግን በብዙ ቤት የገበጣውን ቦታ የኮምፒውተርና የቴሌቪዥን ጨዋታ ይዞታል። ወጣቶቹ ባጭሩ «ጌም» የሚሉት ይህ ጨዋታ ቀድሞ የልጆች ብቻ መስሎ ይታይ ነበር፤ አሁን ግን እነዚያው ልጆች አድገው የመሥሪያ ቤት ሠራተኞችና የቤተ ሰብ አስተዳዳሪዎች ስለ ሆኑ የዐዋቂዎችም ጨዋታ ሆኗል።

ከጨዋታው ጋር ግን አንድ ችግር አብሮ መጥቷል። ይኸውም እንዲህ ነው፤ ሰውዬው የአንድ ሰዓት ዕረፍት አግኝቶ ኮምፒውተሩን ያበራል። ገንዘቡን ከፍሎ የገዛውን፥ ትናንትም ያለ እንከን የተጫወተበትን ጨዋታ ለመክፈት ሲሻ፥ «ተጫወት» የሚለው ምልክት ጠፍቶ በቦታው «አሻሽል» የሚል ምልክት ተተክቶ ያገኘዋል። ማሻሻያው ወርዶ እስኪያልቅ ድረስ ጨዋታው አይከፈትም። ኢንተርኔቱ ፈጣን ለሆነለት ሰው ይህ ነገር አንድ ስኒ ቡና እስኪጠጣ ድረስ የሚያልፍ ጉዳይ ነው። ኢንተርኔቱ ዝግተኛ ለሆነበት ሰው ግን ሌሊቱን ሙሉ፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ ነገ ወዲያ የሚያስጠብቅ ይሆናል።

ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን ይህ ግዴታ ከየት እንደ መጣ፥ ለምን እንዳስፈለገ፥ በማን ላይ እንደሚከብድ፥ ደግሞም ጥንቁቅ የሆነ ሰው ሸክሙን በምን ሊያቃልለው እንደሚችል በተራ እናስረዳለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

የሒሳቡ ነገር

ከሁሉ አስቀድሞ መጠኑን በቍጥር መረዳት ያስፈልጋል። የኢንተርኔት መስመር ፍጥነት የሚለካው በሜጋቢት ሲሆን፥ የጨዋታው ክብደት የሚለካው ግን በሜጋባይትና በጊጋባይት ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ላይ ነው፤ «መስመሬ ሁለት ሜጋ ነው» ሲል በየሴኮንዱ ሁለት ሜጋባይት የሚያወርድ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን የሚያወርደው የዚያን ስምንተኛ እጅ፥ ማለት ሩብ ሜጋባይት ብቻ ነው።

እንግዲህ አንድ የ30 ጊጋባይት ማሻሻያ መጣ እንበል። በዛሬዎቹ ታላላቅ ጨዋታዎች ዘንድ ይህን የሚያህል ማሻሻያ እንግዳ ነገር አይደለም። ይህ መጠን በሜጋቢት ሲመነዘር 240,000 ይሆናል። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት በሚያወርድ መስመር በ40 ደቂቃ ያልቃል። በ25 ሜጋቢት መስመር 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጃል። በ2 ሜጋቢት መስመር ግን 33 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይወስዳል። ዓርብ ማታ በ1 ሰዓት የተጀመረው ማሻሻያ የሚያልቀው እሑድ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ላይ ነው ማለት ነው። ይህም መስመሩ ከቶ ሳይቋረጥ፥ መብራት ሳይጠፋ፥ ሌላም የቤተ ሰብ አባል ለትምህርቱ ወይም ለጉዳዩ ሳይጠቀምበት ነው።

ከጊዜውም ሌላ የገንዘቡ ነገር አለ። ኢንተርኔቱን በወር ከፍሎ ያለ ገደብ የሚጠቀም ሰው የሚያጣው ጊዜውን ብቻ ነው። በመጠን ገዝቶ የሚጠቀም ሰው ግን በያንዳንዱ ጊጋባይት ገንዘቡን ያወጣል። በአገራችን ብዙው ሰው ኢንተርኔት የሚያገኘው በሞባይል ስልኩ፥ የሚከፍለውም በፓኬጅ ስለ ሆነ፥ አንድ ያልታሰበ ማሻሻያ የወሩን ፓኬጅ በአንድ ሌሊት ጨርሶት ሊያድር ይችላል።

ግዴታው ከየት መጣ?

ቀድሞ ጨዋታ የሚሸጠው በዲስክ ወይም በካሴት መልክ ነበር። ስሕተት ቢኖርበት ከነስሕተቱ ይቀመጣል። ነገሩ ከታተመ መጽሐፍ ጋር ይመሳሰላል። በአገራችን የቈዩ መጻሕፍት መጨረሻ ላይ «እርማት» የሚል ገጽ እንደ ነበረ አንባቢ ያስታውሳል፤ የተሳሳተው በግራ፥ የታረመው በቀኝ ተጽፎ፥ አንባቢው በገዛ እጁ እያረመ እንዲያነብ ይደረግ ነበር። ኢንተርኔት ሲስፋፋ የጨዋታ ሠሪዎችም እንዲህ ያለውን የእርማት ገጽ በኢንተርኔት መላክ ጀመሩ። ሆኖም እርማቱን መቀበልና አለመቀበል ለተጫዋቹ የተተወ ነበር።

ይህ ነጻነት ግን በሕብረት በሚደረጉ ጨዋታዎች ላይ ችግር አስከተለ። በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት የሚገኘው ቫልቭ የተባለው ኩባንያ «ካውንተር ስትራይክ» የሚባለውን ጨዋታ ባሻሻለ ቍጥር፥ ግማሹ ተጫዋች አዲሱን ሲይዝ ግማሹ አሮጌውን ይዞ ስለሚቀር፥ አብዛኛዎቹ ተጫዋቾች ለብዙ ቀን ሳይገናኙ ይቈዩ ነበር። ኩባንያው ለዚህ መድኃኒት ይሆን ዘንድ «ስቲም» የሚባለውን ፕሮግራም በ2002 አስታውቆ በሴፕቴምበር 12 ቀን 2003 አወጣ። የዚህ ፕሮግራም የመጀመሪያ ተግባሩ ማሻሻያውን ተጫዋቹ ሳይጠይቅ በራሱ እያወረደ ሁሉንም በአንድ ዕትም ላይ ማሰለፍ ነበር። ዛሬ ታላቅ የጨዋታ መደብር መሆኑን የሚያውቁ ብዙዎች ሲሆኑ፥ የተወለደው ግን ለማሻሻያ ሥራ መሆኑን የሚያስታውሱ ጥቂቶች ናቸው።

በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ኢንተርኔት የሚያገኘው በስልክ መስመር ነበር። የስልክ መስመር ሞደም ከፍተኛ ፍጥነቱ በሴኮንድ 56 ኪሎቢት ስለ ሆነ 100 ሜጋባይት ብቻ ለማውረድ አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። እንዲህ እያለ ቫልቭ በኖቬምበር 16 ቀን 2004 «ሃፍ ላይፍ 2» የተባለውን ጨዋታ አወጣ። ጨዋታውን ከሱቅ በዲስክ የገዛው ሰው ጭምር በኢንተርኔት በኩል በስቲም ሳይመዘገብ ሊከፍተው አልተፈቀደለትም። በመጀመሪያው ቀን የኩባንያው ሰርቨሮች በሕዝብ ብዛት ስለ ተጨናነቁ፥ ዲስኩን በእጃቸው የያዙ ብዙ ሰዎች መጫወት ሳይችሉ ቀሩ። ገዢው የያዘው ዕቃ በሻጩ ፈቃድ ብቻ የሚከፈት መሆኑ ለብዙ ሕዝብ የታወቀው በዚህ ቀን ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ ወዲህ ልማዱ ወደ ኮንሶሎችም ተዛመተ። በኖቬምበር 2014 ማይክሮሶፍት «ሄሎ፤ ዘ ማስተር ቺፍ ኮሌክሽን» የተባለውን ሲያወጣ፥ ጨዋታው 65 ጊጋባይት ያህል ስለ ነበረ በአንድ ዲስክ አልበቃም። ስለዚህ 45 ጊጋባይቱ በዲስኩ ላይ ታትሞ፥ የቀረው 20 ጊጋባይት በዚያው በመጀመሪያው ቀን በኢንተርኔት እንዲወርድ ተደረገ። በ2 ሜጋቢት መስመር ላይ ላለ ሰው ይህ 20 ጊጋባይት 22 ሰዓት ያህል የሚፈጅ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ማሻሻያ የሚባለው ይህ ነው። ዲስኩ ጨዋታው ለሽያጭ ከመቅረቡ ከሳምንታት በፊት ስለሚታተም፥ ሠሪዎቹ በመካከሉ ያገኙትን ስሕተት ሁሉ አርመው የሚልኩት በዚህ መንገድ ነው። ይሁን እንጂ ማሻሻያ መላክ የሚቻል መሆኑን በመተማመን ያልተጠናቀቀ ሥራ ለገበያ የሚያቀርቡም አልጠፉም። በነዚህ ላይ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ተረት ይፈጸማል፤ ልዩነቱ አፍሳሹ ኩባንያው፥ ለቃሚው ግን ገዢው መሆኑ ነው።

ስለ ምን ግዴታ ሆነ?

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ግዴታ በጥላቻ ብቻ መመልከት አይገባም። እውነተኛ ምክንያቶች አሉት።

የመጀመሪያው ምክንያት የዕትም አንድነት ነው። ሁለት የመሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች አንዱ የተሻሻለውን ደንብ፥ ሌላው ያልተሻሻለውን ይዘው በአንድ ጉዳይ ላይ ቢወስኑ ውሳኔያቸው እንደማይገናኝ የታወቀ ነው። ጨዋታም እንደዚሁ ነው። በተለይ በአንዳንድ የጦር ስልት ጨዋታዎች፥ ለምሳሌ በ1997 በወጣው «ኤጅ ኦፍ ኤምፓየርስ» እንደ ተደረገው፥ በኮምፒውተሮቹ መካከል የሚላከው የተጫዋቹ ትእዛዝ ብቻ ሲሆን፥ ውጤቱን እያንዳንዱ ኮምፒውተር ለብቻው ያሰላል። የአንዱ ጦረኛ ጕልበት በአንደኛው ኮምፒውተር ላይ 50፥ በሌላው ላይ 51 ሆኖ ቢገኝ፥ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሁለቱ ሰዎች የሚያዩት ጦርነት የተለያየ ይሆናል። ስለዚህ ለሕብረት ጨዋታ ዕትሙ አንድ መሆን የግድ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ደኅንነት ነው። ከሩቅ ካለ ሰው ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም ሁሉ ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል። በጃንዋሪ 2022 «ዳርክ ሶልስ» በሚባሉት ጨዋታዎች ውስጥ አንድ ተጫዋች በሌላው ሰው ኮምፒውተር ላይ የፈለገውን ትእዛዝ እንዲያስፈጽም የሚያስችል ቀዳዳ ስለ ተገኘ፥ የኮምፒውተር ዕትሞቹ ሰርቨሮች ተዘግተው ለወራት ቈይተዋል። ማሻሻያን ችላ ማለት የሚያመጣውን ጉዳት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከ2017ቱ ነገር ይረዳዋል። በዚያ ዓመት በማርች ወር ማይክሮሶፍት የዊንዶስን አንድ ቀዳዳ የሚደፍን ማሻሻያ አወጣ፤ በሜይ ወር «ዋናክራይ» የተባለው ቫይረስ በብዙ አገሮች ሲዛመት፥ በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ጭምር የተጐዱት ማሻሻያውን ያልተቀበሉት ኮምፒውተሮች ነበሩ።

ሦስተኛው ምክንያት ንግድ ነው። ብዙዎቹ የዘመኑ ጨዋታዎች አንድ ጊዜ ተሸጠው የሚቀሩ ሳይሆኑ በየወቅቱ አዲስ ልብስ፥ አዲስ መሣሪያ፥ አዲስ ሜዳ እየተጨመረላቸው የሚሸጡ ናቸው። ይህን አዲስ ዕቃ ገዢውም የማይገዛውም ያወርደዋል፤ የማይገዛው ሰው ሌላው ተጫዋች የለበሰውን ልብስ በመስኮቱ ላይ ማየት አለበትና። በዚህ በሦስተኛው ምክንያት ከሚወርደው ሸክም ብዙው ለዝግተኛው መስመር ባለቤት የሚሰጠው ጥቅም የለም።

ማሻሻያው ስለ ምን ይከብዳል?

አንድ አዋጅ ሲሻሻል በነጋሪት ጋዜጣ ላይ የሚታተመው የተለወጠው አንቀጽ ብቻ ነው፤ «አንቀጽ ይህን ያህል ተሰርዞ በሚከተለው ተተክቷል» ይባላል እንጂ አዋጁ በሙሉ እንደ ገና አይታተምም። በደንብ የተሰናዳ የጨዋታ ማሻሻያም እንዲህ መሆን ይገባዋል። በስቲም ላይ የሚሠራበት ዘዴ የጨዋታውን ፋይል አንድ ሜጋባይት ያህል በሚሆን ቍራጭ ይከፋፍለዋል። ከዚያ በኋላ አሮጌውንና አዲሱን እያመሳከረ የተለወጡትን ቍራጮች ብቻ ያወርዳል።

ዳሩ ግን ይህ ዘዴ የሚጠቅመው ሠሪዎቹ ፋይሉን በሥርዐት ሲያዘጋጁት ነው። ከመጽሐፉ መጀመሪያ አንድ መሥመር ተጨምሮ ከዚያ በኋላ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ቢገፋ፥ እያንዳንዱ ገጽ ከቀድሞው የተለየ ይሆናል። ጨዋታውም ሥዕሉ፥ ድምፁና ሜዳው ሁሉ በአንድ ታላቅ ፋይል ታጭቆ፥ በየማሻሻያው ቅደም ተከተሉ የሚለዋወጥ ወይም ምስጢራዊ ጽሑፉ እንደ ገና የሚቀየር ከሆነ፥ በእውነት የተለወጠው ጥቂት ሆኖ ሳለ መመሳከሪያው ሁሉንም እንደ አዲስ ያየዋል። በዚህ ጊዜ የአንድ ቃል እርማት ሙሉውን መጽሐፍ እንደ ማሳተም ይሆናል።

ከማውረዱም በኋላ ሌላ ሥራ አለ። ከ50 ጊጋባይት ፋይል ውስጥ 200 ሜጋባይት ብቻ ቢለወጥም፥ ኮምፒውተሩ ከአሮጌውና ከአዲሱ ቍራጭ አንድ ሙሉ ፋይል እንደ ገና ሠርቶ በቀድሞው ቦታ ይተካል። ስለዚህ በዲስኩ ላይ ባዶ ቦታ ያስፈልጋል፤ ዲስኩ የቈየ ሃርድ ዲስክ ከሆነም ሥራው ከግማሽ ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል። አንዳንድ ሰው «ማውረዱ አለቀ፤ ጨዋታው ግን አሁንም አይከፈትም» ብሎ የሚያማርረው ይህን ባለ ማወቅ ነው።

የገዛሁት ዕቃ የማን ነው?

አሁን ወደ ጉዳዩ ዋና ክፍል ደርሰናል። አንድ ሰው ሬዲዮ ገዝቶ በቤቱ ቢያስቀምጥና ዜና ለመስማት በከፈተው ቍጥር ሻጩ መጥቶ «ትንሽ የምጠግነው አለና ነገ ይክፈቱት» ቢለው፥ ባለቤቱ የሚሰማውን መገመት አያዳግትም። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። ብቻውን የሚጫወት፥ ከማንም ጋር የማይገናኝ ሰው የዕትም አንድነት አያስፈልገውም፤ ትናንት የሠራለት ጨዋታ ዛሬ እንዳይሠራ የሚከለክለው በቂ ምክንያት ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ከዚህም በላይ ማሻሻያው አንዳንድ ጊዜ የነበረውን ያፈርሳል። በኤፕሪል 25 ቀን 2024 ለ«ፎልአውት 4» የወጣው ማሻሻያ፥ ተጫዋቾች በገዛ ጊዜያቸው ያለ ደመወዝ የሠሯቸውን ብዙ ተጨማሪ ሥራዎች እንዳይሠሩ አድርጓቸዋል። «ፎልአውት ለንደን» የሚባለው፥ በዓመታት ድካም የተዘጋጀው የተጫዋቾች ሥራ በዚያው ወር ሊወጣ ታስቦ ሳለ በዚህ ምክንያት ተላልፎ በጁላይ 2024 ወጥቷል። ሥራውን ለማስነሣትም ጨዋታውን ወደ ቀድሞው ዕትም መመለስ አስፈልጓል።

በሕግ በኩል ሲታይ ግን ነገሩ ገዢው እንደሚያስበው አይደለም። በብዙዎቹ የኢንተርኔት መደብሮች ውል ገዢው የሚያገኘው የመጠቀም ፈቃድ እንጂ የባለቤትነት መብት አይደለም። የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት በ2024 ባወጣውና ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በጸናው ሕግ፥ እንዲህ ያለውን ፈቃድ «ግዛ» በሚል ቃል የሚሸጥ ነጋዴ የሚሸጠው ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ እንዲያስታውቅ ታዟል። ሕጉ ፈቃዱን ወደ ባለቤትነት አልለወጠውም፤ ቢያንስ ግን ገዢው የሚገዛውን ነገር ዐውቆ እንዲገዛ አድርጓል።

የፍትሕም ጥያቄ አለበት። በአሜሪካ አገር የመገናኛ ኮሚሽን «ብሮድባንድ» ለመባል የሚበቃውን የማውረጃ ፍጥነት በ2015 ወደ 25 ሜጋቢት፥ በማርች 2024 ደግሞ ወደ 100 ሜጋቢት ከፍ አድርጎታል። ጨዋታውን የሚሠሩት ሰዎች የሚኖሩት እንዲህ ባለው ፈጣን መስመር ላይ ነው። በዚያችው አገር በገጠር የሚኖረው ገበሬ፥ በአውስትራሊያ በረሃ ኢንተርኔትን ከሳተላይት የሚቀበለው ሰው፥ በአዲስ አበባም በሞባይል ፓኬጅ የሚጠቀመው ሠራተኛ ለአንዱ ጨዋታ የሚከፍሉት የገንዘብ መጠን ከከተሜው እምብዛም ባይለይ፥ የሚያገኙት የጨዋታ ሰዓት ግን በጣም ያነሰ ነው።

ሸክሙን ስለ ማቃለል

እንግዲህ በእጃችን ያለውን መፍትሔ እንመልከት።

አንደኛ፤ ማሻሻያው የሚወርድበትን ሰዓት መወሰን ነው። ስቲምን የመሰሉ ፕሮግራሞች በማውረጃ ደንባቸው ውስጥ ማሻሻያው ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ብቻ ይውረድ ብሎ ለማዘዝ ያስችላሉ። መስመሩ በማይጨናነቅበት በሌሊት እንዲሆን ማዘዝ ይጠቅማል። ኩባንያዎቹም ይህን ያውቃሉ፤ በማርች 2020 በኮሮና ምክንያት ሕዝቡ በየቤቱ ሲከተት ቫልቭ በቅርብ ቀን ያልተከፈቱትን ጨዋታዎች ማሻሻያ ሰው ወደማይበዛበት ሰዓት አዛውሯል፤ ሶኒም በአውሮፓ የማውረጃውን ፍጥነት ቀንሷል።

ሁለተኛ፤ ለያንዳንዱ ጨዋታ የሚስማማውን ደንብ መምረጥ ነው። አዘውትረው የሚጫወቱበትን ጨዋታ በራሱ እንዲሻሻል ይተዉት፤ በዓመት አንድ ጊዜ የሚከፍቱትን ግን «ስከፍተው ብቻ ይሻሻል» በሚለው ላይ ያድርጉት። ይህ ሁለተኛው ደንብ ፓኬጅን ያድናል፤ ነገር ግን ጨዋታው በሚከፈትበት ሰዓት የሚያስጠብቀው ይኸው ደንብ መሆኑን አይርሱ። አንዱ ገንዘብን፥ ሌላው ጊዜን ያተርፋል፤ ሁለቱን ባንድነት የሚያተርፍ ደንብ የለም።

ሦስተኛ፤ አንዱ ያወረደውን ለሌላው ማካፈል ነው። ከፌብሩዋሪ 2023 ጀምሮ በስቲም ላይ በአንድ ቤት ወይም በአንድ የውስጥ መስመር የተገናኙ ኮምፒውተሮች ጨዋታውን አንዱ ከሌላው መቅዳት ይችላሉ። ኔንቴንዶ ስዊች የተባለው ኮንሶልም አጠገብ ለአጠገብ ያሉ መሣሪያዎች ያለ ኢንተርኔት ዕትማቸውን እንዲያስተካክሉ ያደርጋል። ሁለት ወንድማማች የሚጫወቱበት ቤት ማሻሻያውን ሁለት ጊዜ መክፈል አይገባውም።

አራተኛ፤ ከኢንተርኔት ተለይቶ መጫወት ነው። ብቻውን ለሚጫወት ሰው «ኦፍላይን» የሚባለው ሁኔታ መልካም ነው፤ ሆኖም ወደዚህ ሁኔታ መግባት ያለበት አዲስ ማሻሻያ መውጣቱን ፕሮግራሙ ከማወቁ በፊት ነው። ካወቀ በኋላ ደጁን ቢዘጉ የሚጠቅመው ጥቂት ነው።

ይህ ምክር በየሰፈሩ ላሉት የፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤቶች በብርቱ ይጠቅማል። ልጆች በየጨዋታው እየከፈሉ እግር ኳስ በሚጫወቱበት በዚህ ቤት፥ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ማሻሻያ ቢጀመር የሚቀረው መዝናኛ ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰብ እንጀራ ነው። ሁለት ልጆች በአንድ መሣሪያ ፊት ለፊት የሚጋጠሙበት ጨዋታ ኢንተርኔት አያስፈልገውምና፥ መሣሪያውን በገበያ ቀን ከኢንተርኔት ለይቶ፥ ማሻሻያውን ደንበኛ በሚያንስበት በሰኞ ወይም በማክሰኞ ሌሊት ማውረድ ብልህነት ነው።

አምስተኛ፤ ከመግዛት በፊት መመርመር ነው። የጨዋታው ክብደት ስንት ጊጋባይት ነው? ብቻ ለመጫወትም ኢንተርኔት ይጠይቃልን? የቀድሞውን ዕትም ለመምረጥ ይፈቅዳልን? «ማይንክራፍት» የሚባለው ጨዋታ በኮምፒውተር ላይ ባለው ዋናው ዕትሙ ተጫዋቹ የፈለገውን የቀድሞ ዕትም መርጦ እንዲከፍት ይፈቅዳል። «ጎግ» የተባለው መደብርም ገዢው የመጫኛውን ፋይል በገዛ ዲስኩ እንዲያስቀምጥና ያለ ኢንተርኔት እንዲጭነው ይተዋል። እንዲህ ያለው ነገር ሊሠራ እንደሚችል እነዚህ ምስክሮች ናቸው።

ማጠቃለያ

ከሠሪዎቹ የሚጠበቀው ብዙ አይደለም። ለሕብረት ጨዋታ ማሻሻያውን ግዴታ ቢያደርጉ ማንም አይፈርድባቸውም። ብቻውን ለሚጫወተው ግን «ዛሬ ባለኝ ልጫወት፥ ማሻሻያውን ሌሊት ላውርድ» የሚል ምርጫ ይስጡት። ፋይላቸውን የተለወጠው ብቻ እንዲወርድ አድርገው ያሰናዱ። ማሻሻያው ስንት እንደሚመዝንና የደኅንነት እርማት ወይም አዲስ ሸቀጥ መሆኑን አስቀድመው ያስታውቁ። ሥራቸውንም በፈጣን መስመር ብቻ ሳይሆን በ2 ሜጋቢት መስመር ላይ አንድ ሌሊት ይሞክሩት።

እርስዎም አንባቢ ሆይ፤ በቤትዎ ልጅዎ «አፕዴት እየጠበቅሁ ነው» ብሎ አዝኖ ቢያገኙት ነገሩን እንደ ከንቱ አይቍጠሩት። የመስመሩን ፍጥነትና የማሻሻያውን ክብደት ጠይቀው፥ ከዚህ በላይ ባሳየነው ሒሳብ የሚያልቅበትን ሰዓት አብረው ያስሉ፤ ለልጁም ትምህርት ይሆነዋል። ሒሳቡ ሌሊቱን የሚፈጅ መሆኑን ካሳየ ለሌሊቱ ይተዉትና የዛሬውን ምሽት በሌላ ጨዋታ ያሳልፉት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው ዝግተኛውም መስመር ከደረጃው ይደርሳል፤ እስከዚያው ገበጣው ከመደርደሪያው ላይ አለ፤ እርሱም ማሻሻያ አይጠይቅም።